ኩፍኝ የያዘው ልጅ በተሳፈረበት ታክሲ ውስጥ ነበርን፤ አሁን ምን ላድርግ?

«እትዬ፣ እንደምን ሰንብተዋል? አራት ኪሎ አካባቢ የምኖር የሁለት ልጆች እናት ነኝ። ትናንት ቅዳሜ ጠዋት አራት ሰዓት ገደማ የሰባት ወር ወንድ ልጄን ታቅፌ ከፒያሳ ወደ ሜክሲኮ በሚሄድ ሚኒባስ ታክሲ ተሳፈርኩ። አጠገቤ የተቀመጠችው ሴት ሦስት ዓመት የሚሆነው ልጅ በጋቢ ጠቅልላ ይዛ ነበር። ዓይኑ ቀልቷል፣ ያስላል፣ ፊቱና አንገቱ ላይ ሽፍታ ወጥቶበታል። ረዳቱ ሒሳብ ሲሰበስብ ‹ጥቁር አንበሳ አውርደኝ፣ ጤና ጣቢያ ኩፍኝ ነው ብለው ላኩኝ› ስትለው ሰማሁ። መስኮት ልከፍት ስል ከኋላ ያሉት ‹ብርድ መታን› ብለው አዘጉኝ። መንገዱ ተጨናንቆ ግማሽ ሰዓት ያህል አብረን ቆየን። መውረድ ፈልጌ ነበር፤ እናትየዋን ማሳፈር መስሎኝ ተውኩት። ቤት እንደገባሁ ልጄን አጠብኩት፣ የለበስነውን ሁሉ ቀቀልኩት። ልጄ የ9 ወሩን ክትባት ገና አልወሰደም። እኔ በልጅነቴ እንደተከተብኩ እናቴ ትናገራለች፤ ካርድ ግን የለኝም። የአራት ዓመቱ ልጄ የ9 ወሩን ወስዷል፣ የ15 ወሩን እርግጠኛ አይደለሁም። የባለቤቴ እኅት የአምስት ወር እርጉዝ ናት፤ አብራን ትኖራለች። አማቴም ከእኛ ጋር ናቸው፤ በልጅነታቸው ኩፍኝ አሟቸው የተረፉ ናቸውና ‹ኩፍኝ መርፌ አይወድም፣ ሐኪም ቤት እንዳትወስጂው› ይሉኛል። በሚቀጥለው እሑድ ደግሞ የወንድሜ ልጅ ክርስትና አለ። እስካሁን ልጄ ምንም አልሆነም፤ ሌሊቱን ሙሉ ግን ግንባሩን ስዳስስ አደርኩ። ምን ላድርግ?»

እናት፣ ከአራት ኪሎ

እኅቴ፣

ደብዳቤሽ ዛሬ እሑድ ከሰዓት በኋላ ደረሰኝ። ዓምዱ እንደ ወትሮው ረቡዕ እስኪወጣ ብጠብቅ ለአንቺ ከሚጠቅመው ምክር ግማሹ ጊዜው ያልፍበታል፤ ስለዚህ ማታውኑ እንዲወጣ ለምኜ ነው የምጽፍልሽ። ምክንያቱን ከማብራራቴ በፊት የሚደረገውን ልናገር። ነገ ሰኞ ጠዋት ጤና ጣቢያው እንደተከፈተ ሕፃኑን ይዘሽ ሂጂ። ለክትባት ክፍሉ ባለሙያ «ቅዳሜ አራት ሰዓት ላይ ኩፍኝ ከያዘው ልጅ ጋር አንድ ታክሲ ውስጥ ነበርን» ብለሽ ንገሪ። ለሕፃኑም ለራስሽም ክትባት ጠይቂ። ማክሰኞ አትበይ፤ «እስቲ ትኩሳት ይነሣበት እንደሆነ ልየው» ብለሽም አትጠብቂ።

የኩፍኝ ቫይረስ ሰውነት ውስጥ ከገባ በኋላ ትኩሳት እስኪያስነሣ ድረስ አብዛኛውን ጊዜ ከ10 እስከ 12 ቀን ይወስድበታል። ክትባቱ በጊዜ ከተሰጠ ሰውነትን ከበሽታው ቀድሞ ሊያዘጋጀው ይችላል። «በጊዜ» የሚባለው ደግሞ ከቫይረሱ ጋር ከተገናኙበት ሰዓት ጀምሮ ያለው 72 ሰዓት ነው። በዚህ ጊዜ ውስጥ የተሰጠ ክትባት በሽታውን ጨርሶ ሊያስቀረው፣ ባያስቀረው እንኳ ሊያቀለው ይችላል። ከቅዳሜ ጠዋት አራት ሰዓት ብትቆጥሪ የአንቺና የልጅሽ 72 ሰዓት ማክሰኞ ጠዋት አራት ሰዓት ላይ ያበቃል። ነገ ሙሉ ቀን በእጅሽ አለ፤ እሱን አትጣይው።

«ልጄ ገና 9 ወር አልሞላውም፣ ይከተባል ወይ?» ማለትሽ አይቀርም። በአገራችን መደበኛ ሰሌዳ የኩፍኝ ክትባት የሚሰጠው በ9 ወርና በ15 ወር ነው። ይህ ሰሌዳ ግን ኩፍኝ አጠገቡ ላልተቀመጠ ልጅ የወጣ ነው። ወረርሽኝ ሲኖር ወይም ሕፃኑ ለበሽታው ሲጋለጥ ከ6 ወር ጀምሮ መከተብ ይቻላል። ይህ መጠን በቁጥር አይገባም፤ ልጅሽ 9 ወር ሲሞላው አንድ፣ 15 ወር ሲሞላው ሌላ ይወስዳል። በዚህ ዕድሜ ሰውነቱ ለክትባቱ የሚሰጠው ምላሽ እንደ ትልቅ ልጅ ጠንካራ ስላልሆነ ነው እንደገና የሚደገመው። ከስድስት ወር በታች ያለ ሕፃን ቢሆን ኖሮ ግን አይከተብም፤ ጉዳዩ በቀጥታ ወደ ሕፃናት ሐኪም ይሄድ ነበር። በታክሲው ውስጥ እንዲህ ያለ ጨቅላ የያዘች እናት ከነበረችና ይህን ካነበበች እሷም ነገውኑ ሐኪም ትጠይቅ።

በክትባት ክፍል ብዙ ዓመት ስለሠራሁ አንድ ነገር አስቀድሜ ልንገርሽ። አንዱ የኩፍኝ ክትባት ብልቃጥ ለ10 ሰው የሚበቃ ነው። ውስጡ ያለው ደረቅ ዱቄት ነው፤ ሲፈለግ በራሱ ፈሳሽ ይበጠበጣል፣ ከተበጠበጠ በኋላ ከ6 ሰዓት በላይ ስለማይቆይ የተረፈው ይደፋል። በዚህ ምክንያት ብዙ ጤና ጣቢያዎች ልጆቹን አሰባስበው በተወሰነ ቀን ይከትባሉ። ስለዚህ «የኩፍኝ ቀን ሐሙስ ነው፣ ያን ጊዜ ነይ» ልትባይ ትችያለሽ። ባለሙያዋ ይህን የምትለው ለዘጠኝ ሰው የሚሆን መድኃኒት እንዳይደፋ አስባ ነው። አንቺ ግን ዝም ብለሽ አትመለሺ። ተረጋግተሽ ሰዓቱን አስረጂ፤ ሐሙስ ለዚህ ልጅ እንደሚረፍድበት ንገሪ። ለአንድ ልጅም ቢሆን ብልቃጥ ይከፈታል። ካመነታችም የጤና ጣቢያውን ኃላፊ ጠይቂ፤ በዚያ ቀን የኩፍኝ ክትባት እየሰጠ ያለ ሌላ ጤና ጣቢያ እንዲፈልጉልሽም ለምኚ። አራዳ ውስጥ ጤና ጣቢያዎቹ ተራራቁ የሚባሉ አይደሉም። በመንግሥት ጤና ጣቢያ ክትባቱ በነፃ ነው።

ስለ ራስሽ እንነጋገር። መደበኛው የክትባት ፕሮግራም በአገራችን የተጀመረው በ1972 ዓ.ም. ነው፤ ስለዚህ እናትሽ ትክክል ሊሆኑ ይችላሉ። ሁለተኛው የኩፍኝ ክትባት ወደ መደበኛ ሰሌዳው የገባው ግን በ2011 ዓ.ም. ነው። በአንቺ ዕድሜ ያለ ሰው ቢከተብም አንድ ጊዜ ብቻ የመከተብ ዕድሉ ሰፊ ነው። በ9 ወር የሚሰጥ አንድ ክትባት ከ100 ልጆች 85 ያህሉን ይከላከላል፤ ሁለቱን የወሰደ ግን ከ100 ወደ 97 ይደርሳል። ካርድ ከሌለሽ እንዳልተከተብሽ ቁጠሪው። የተከተበ ሰው ድጋሚ ቢከተብ አይጎዳም። ማጥባትሽም አይከለክልሽም። ክትባቱን የሚከለክለው እርግዝና ነው፤ ስለዚህ ወር አበባሽ ቀርቶ ከሆነ አስቀድመሽ ተናገሪ፣ ከተከተብሽ በኋላም ለአንድ ወር ከማርገዝ ተጠንቀቂ። ጤና ጣቢያው «ለአዋቂ አንሰጥም» ካለሽ ተከራክረሽ የሕፃኑን ሰዓት አታቃጥይ፤ የሱን አስጨርሺና ለራስሽ ሐኪም አማክሪ።

እውነት ኩፍኝ ባይሆንስ? ትኩሳትና ሽፍታ የሚያመጣ በሽታ ብዙ ነው፤ ጉድፍም አለ፣ ሌላም አለ። አንቺ የነገርሽኝ ግን፣ የቀላ ዓይን፣ ሳል፣ ከፊት የጀመረ ሽፍታ፣ ከዚያም ላይ የጤና ጣቢያው ቃል፣ ለእኔ ይበቃኛል። ኩፍኝ ካልሆነ ልጅሽ ያተረፈው አንድ ተጨማሪ ክትባት ነው፤ ኩፍኝ ከሆነና ከተቀመጥሽ ግን የምትከፍዪው ዋጋ ከባድ ነው።

አሁን ወደ ቤትሽ ልግባ፤ ደብዳቤሽን ሳነብ በጣም ያሳሰበኝ እዚያ ነው። ልብሱን ቀቅለሻል፣ ልጁን አጥበሻል። አይጎዳም፤ ግን ድካምሽ የዋለው በሽታው በሌለበት በኩል ነው። ኩፍኝ የሚተላለፈው በትንፋሽ ነው። በሽተኛው ሲያስል፣ ሲያስነጥስ፣ ሲያለቅስ የሚወጣው ቫይረስ በዝግ ቦታ አየር ላይ እስከ ሁለት ሰዓት ሊቆይ ይችላል። ከዚያ ታክሲ ላይ በጋቢሽ ተጠቅልሎ ቤትሽ የገባ ኩፍኝ የለም። ከገባም የሚገባው በአንቺ ወይም በሕፃኑ ሰውነት ውስጥ ነው፤ እሱም ቢሆን ዛሬ ለማንም አይተላለፍም። ሰውየው ማስተላለፍ የሚጀምረው ሽፍታው ከመውጣቱ አራት ቀን ቀደም ብሎ ነው፤ ሽፍታው ከወጣም በኋላ አራት ቀን ይቀጥላል።

ይህ ለአንቺ ምን ማለት እንደሆነ ልብ በይልኝ። ታክሲው ውስጥ የነበራችሁት ሁለታችሁ ብቻ ናችሁ። የትልቁ ልጅሽም፣ የእርጉዟም ሰዓት ገና አልጀመረም። እነሱን የሚያሰጋቸው ሕፃኑ ወይም አንቺ ከታመማችሁ ነው፤ እስከዚያ ጥቂት ቀን አላችሁ። ትልቁ ልጅሽ የ15 ወሩን ስለመውሰዱ እርግጠኛ ካልሆንሽ ነገ አብሮሽ ይሂድና ይከተብ፤ ኩፍኝ ቤት ሳይገባ የተከተበ ልጅ ከሁሉ የተሻለ ጥበቃ አለው። ወደ መዋዕለ ሕፃናቱም መሄዱን ይቀጥል። ከቤት ሰው አንዱ ካተኮሰ ግን በዚያው ቀን አስቀሪውና ለመምህርቷ ንገሪያት።

እርጉዟ ጉዳይዋ ይለያል። ክትባቱ የተዳከመ ቢሆንም ሕያው ቫይረስ ስለሆነ በእርግዝና ጊዜ አይሰጥም፤ ስለዚህ መሸሸጊያዋ ርቀት ነው። ኩፍኝ እርጉዝ ሴትን ከያዘ ለሳንባ ምች ሊዳርጋት፣ ጽንሱን ሊያስወርዳት ወይም ያለ ጊዜው ሊያስወልዳት ይችላል። ነገ ለእርግዝና ክትትሏ ወደምትሄድበት ቦታ ሄዳ ወይም ደውላ ነገሩን ትናገር። በልጅነቷ መከተቧን ወይም በኩፍኝ መያዟን ይጠይቋታል፤ አስፈላጊ ከሆነም መከላከያው በደሟ ውስጥ መኖሩ በምርመራ ይታያል። ይህ እስኪታወቅ ሌላ ዘመድ ቤት የምታርፍበት ቦታ ካላት ከሐሙስ በፊት ትሂድ። «ከቤት አስወጣችኝ» እንዳይመስላት አንቺ ራስሽ አስረጃት፣ ዕቃዋን አብረሽ አዘጋጂላት፣ በየቀኑም ደውዪላት። እሷ ቤት እያለች ሕፃኑ ቢታመም ግን በዚያው ቀን ሐኪም ዘንድ ትቅረብ። ኢሚዩኖግሎቡሊን የሚባል፣ የተዘጋጀ መከላከያ የያዘ መድኃኒት አለ፤ ለእርጉዞች፣ ለጨቅላዎችና የመከላከል አቅማቸው ለተዳከመ ሰዎች ከተጋለጡ በስድስት ቀን ውስጥ ይሰጣል። በጤና ጣቢያ ደረጃ የሚሰጥ ስላልሆነ የሚወስንላት የሆስፒታል ሐኪም ነው።

አማትሽ። እኅቴ፣ ከእሳቸው ጋር አትጋጪ። «ኩፍኝ መርፌ አይወድም» የሚለው ቃል እኔም በሥራ ላይ ብዙ ጊዜ የሰማሁት ነው፤ የሚናገሩት እናቶች ልጅ የቀበሩ፣ ሐዘን ያስተማራቸው ሰዎች ነበሩ። በኩፍኝ የተያዘ ልጅ በሳንባ ምች ሲጠና መጨረሻ ላይ ሐኪም ቤት ይወሰዳል፣ መርፌ ይወጋል፣ ይሞታል። ያየ ሰው መርፌው ገደለው ቢል አያስደንቅም። የገደለው ግን ዘግይቶ የደረሰበት የሳንባ ምች ነው። አስረጂያቸው፦ ሕፃኑ አሁን አልታመመም፤ ነገ የሚሰጠው በሽታውን ለመቅደም ነው። ቢታመምም ቫይረሱን የሚገድል መድኃኒት ባይኖርም የሳንባ ምቹንና የጆሮ ቁስለቱን የሚያክም አለ፤ አስፈላጊ ሲሆን በመርፌም ይሰጣል፣ ሕይወትም ያድናል።

ደግሞም እሳቸው በዚህ ቤት ውስጥ ትልቁ ረዳትሽ ናቸው። አንድ ጊዜ በኩፍኝ የተያዘ ሰው ዕድሜ ልኩን ይጠበቃል። እ.ኤ.አ. በ1846 ፓኑም የሚባል ወጣት የዴንማርክ ሐኪም በፋሮ ደሴቶች የተነሣ የኩፍኝ ወረርሽኝ ሲመረምር፣ ከ65 ዓመት በፊት በነበረው ወረርሽኝ ታመው የተረፉ አረጋውያን አንድም እንዳልተያዙ አስተዋለ። ከመያዝ እስከ ሽፍታ ሁለት ሳምንት ገደማ እንደሚፈጅም ያሳየው እሱ ነው። ስለዚህ ሕፃኑ ቢታመም ያለ ሥጋት ሊያቅፉት ከሚችሉት የመጀመሪያዋ አማትሽ ናቸው። ይህን ስትነግሪያቸው ፊታቸው እንደሚፈካ እገምታለሁ፤ የሚያስፈልጉ ሰው መሆናቸውን ማወቅ ማንንም ደስ ያሰኛል።

ከዚህ በኋላ ያለው ቀን መቁጠር ነው። ቅዳሜን እንደ ዜሮ ቁጠሪው። ከሐሙስ ጀምሮ፣ ማለትም ከአምስተኛው ቀን፣ እስከ ሃያ አንደኛው ቀን፣ ማለትም ታክሲ ከተሳፈርሽበት ቅዳሜ ሦስተኛው ቅዳሜ ድረስ፣ ሕፃኑ ሰው ከሚሰበሰብበት ቦታ ይራቅ። ታክሲ፣ ገበያ፣ ቤተ ክርስቲያን፣ ማኅበር፣ ለቅሶ፣ ሁሉም ይቅር። በጣም የምትጠነቀቂበት ጊዜ ከሁለተኛው ሳምንት ማክሰኞ ጀምሮ ያሉት ቀናት ናቸው፤ ትኩሳቱ የሚነሣው አብዛኛውን ጊዜ ያን ሰሞን ነው፣ ሽፍታው ደግሞ ብዙውን ጊዜ በአሥራ አራተኛው ቀን ገደማ ይወጣል። ነገ በሰዓቱ ቢከተብም ይህን እንድትጠብቂ እመክርሻለሁ፤ በሰባት ወር ዕድሜ ክትባቱ ሙሉ ዋስትና ስለማይሆን ነው።

ክርስትናው ስምንተኛው ቀን ላይ ይውላል። አትሂጂ፤ ሕፃኑም አይሂድ። የአርባ ቀን ልጅ ይሁን የሰማንያ፣ በዚያ ቤት ውስጥ በጣም የሚያሳስበኝ ክርስትና የሚነሣው ልጅ ነው፤ ሊከተብም አይችልም። በመዘምራን፣ በዘመድና በጢስ በተሞላ ቤት ውስጥ ሕፃንሽን ይዘሽ ብትገቢ፣ ሽፍታ ከመውጣቱ በፊትም ማስተላለፍ ስለሚቻል፣ ማንም ምንም ሳያውቅ በሽታው ሊተላለፍ ይችላል። ለወንድምሽ ዛሬውኑ ደውለሽ እውነቱን ንገሪው፤ ሰበብ አትፈልጊ። ባለቤትሽና አማትሽ ሄደው እናንተን ይወክሉ፤ እነሱ ታክሲው ውስጥ አልነበሩም። ስጦታሽም ድፎ ዳቦሽም በእነሱ እጅ ይደርሳል።

ኩፍኝ ሲጀምር ጉንፋን ነው የሚመስለው። ከፍ ያለ ትኩሳት፣ ሳል፣ የአፍንጫ ፈሳሽ፣ የቀላና እንባ የሚያቀር ዓይን ይቀድማሉ። አፉን ከፍተሽ ጉንጩን በውስጥ በኩል በብርሃን ብታዪው የጨው ቅንጣት የመሰሉ ነጫጭ ነጠብጣቦች ልታገኚ ትችያለሽ። ከዚያ ሁለት ሦስት ቀን ቆይቶ ሽፍታው ከፀጉር ሥርና ከጆሮ ኋላ ይጀምርና ወደ ፊት፣ ወደ ደረት፣ ወደ እጅና እግር ይወርዳል። በጠቆረ ቆዳ ላይ ቅላቱ ጎልቶ ስለማይታይ በቀን ብርሃን እዪው፣ በእጅሽም ዳሰስ አድርጊው፤ ይሻክራል። አንድ የሚያደናግር ነገር አለ፦ ከክትባቱ በኋላም ከሳምንት እስከ 12 ቀን ባለው ጊዜ አንዳንድ ልጆች ያተኩሳቸዋል፣ ቀላል ሽፍታም ይወጣባቸዋል። ይህ ከበሽታው ቀን ጋር ስለሚገጥም «የክትባቱ ነው» ብለሽ አትለፊው፤ ያተኮሰው ዕለት ባለሙያ ይለየው።

ያተኮሰው ዕለት ግን ዝም ብለሽ ተነሥተሽ አትሂጂ። የጤና ሚኒስቴርን 952 ወይም የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩትን 8335 ደውዪ፤ ወይም ባለቤትሽ አስቀድሞ ወደ ጤና ጣቢያው ሄዶ ይንገር። ካርድ ክፍል ፊት ለፊት ባለው ረጅም ወንበር ላይ ከሌሎች ሕፃናት መሐል አትቀመጪ፤ በር ላይ «በኩፍኝ የተጠረጠረ ልጅ ይዣለሁ» በይና ውጭ፣ አየር ባለበት ሁነሽ እስኪጠሩሽ ጠብቂ። ቅርብ ከሆነ በእግርሽ ሂጂ፤ ሩቅ ከሆነ ኮንትራት ይዘሽ መስኮቱን ሁሉ ክፈቺ። ገንዘብ እንደሚያስወጣ አውቃለሁ፤ ለዚህ ግን ከቤተሰቡ ገንዘብ ማዋጣት ይገባል። ኩፍኝ ወዲያውኑ ሪፖርት ከሚደረጉ በሽታዎች አንዱ ስለሆነ ባለሙያዎቹ ስምና አድራሻ ይመዘግባሉ፣ ናሙናም ሊወስዱ ይችላሉ። አትፍሪ፤ ሰፈሩን ለመከላከል ነው።

እዚያ ሲደርስ ቫይታሚን ኤ ይሰጠዋል፤ አንድ ጊዜ በዚያው ዕለት፣ አንድ ጊዜ በማግስቱ። በልጅሽ ዕድሜ መጠኑ በየጊዜው 100,000 ዩኒት ነው። ሕይወትንም ዓይንንም ስለሚያድን ሳይወስድ እንዳትወጪ፤ ከፋርማሲ ገዝተሽ በራስሽ መጠን ግን አትስጪው፤ ሲበዛ ይጎዳል። ቤት ውስጥ ጡት አብዝተሽ አጥቢው። ለትኩሳቱ ፓራሲታሞል በክብደቱ ልክ ይበቃል፤ አስፕሪን ለልጅ አይሰጥም። ዓይኑን በንጹሕ ውኃ ጥረጊው እንጂ የቅጠል ጭማቂም፣ የጡት ወተትም፣ ሌላም ነገር አታንጠብጥቢበት። ኩፍኝ ዓይንን ያዳክማል፤ እንዲህ ያለ ነገር ሲጨመርበት የታወሩ ልጆች አሉ። እንጥሉን እናስቆርጠው የሚል ከመጣም በሩን አትክፈቺለት። ጸበል መጠመቅ ወይም መጠጣት የእምነትሽ ጉዳይ ነውና አልነካውም፤ በሽታው እስኪያልፍ ግን ጸበሉ በዕቃ ቤት ድረስ ይምጣ፣ ሕፃኑ ወደ ተሰበሰበው ሕዝብ አይሂድ።

ሌሊትም ቢሆን የማይጠበቅባቸው ምልክቶች አሉ። ሕፃኑ ሲተነፍስ ደረቱ ወደ ውስጥ ከገባ፤ ተኝቶ ሳለ ሆዱን እያየሽ ስትቆጥሪ በደቂቃ 50 ጊዜ ወይም ከዚያ በላይ ከተነፈሰ፤ ጡት መያዝ ካቃተው፤ የጠባውን ሁሉ ካስመለሰ፤ ካንቀጠቀጠው ወይም ከፈዘዘ፤ ዓይኑ ላይ ደመና ከመሰለ፤ ወዲያውኑ ወደ ሆስፒታል። በኩፍኝ የሚሞቱ ልጆችን ከሁሉ በላይ የሚወስደው የሳንባ ምች ነው፤ በጊዜ ሲደረስበት ይታከማል። እ.ኤ.አ. በ2023 በዓለም ዙሪያ 107,500 ያህል ሰው በኩፍኝ እንደሞተ የዓለም ጤና ድርጅት ገምቷል፤ አብዛኞቹ ያልተከተቡ ወይም ክትባታቸውን ያልጨረሱ፣ አምስት ዓመት ያልሞላቸው ልጆች ነበሩ።

ስለዚያች እናት ደግሞ። በደብዳቤሽ ውስጥ ቁጣም ኃፍረትም አንብቤአለሁ። እሷ የታዘዘችውን ያደረገች፣ ልጇን ወደ ተላከበት ሆስፒታል በተገኘው መጓጓዣ ያደረሰች ሴት ናት፤ አትቀየሚያት። አንቺም ራስሽን አትውቀሺ። ለሌላ ጊዜ ግን፣ «ይቅርታ እኅቴ፣ ልጄ ገና አልተከተበም፣ እግዚአብሔር ይማርልሽ» ብሎ መውረድ ነውር አይደለም፤ እናት ናትና ይገባታል። መከላከያ የሌላቸው አሥር ሰዎች ከአንድ የኩፍኝ በሽተኛ ጋር ቢቀራረቡ እስከ ዘጠኙ ሊያዙ ይችላሉ። መስኮቱንም ቢሆን ክፈቺው። ከተማችን ውስጥ በብርድ ፍርሃት የሚዘጋ የታክሲ መስኮት እኔን ዘወትር ያሳዝነኛል፤ ሰው የሚፈራው ንጹሑን አየር ሆኖ፣ የሚታመመው ግን ከታፈነው አየር ነው። በዚያ ጠዋት በዚያው ታክሲ የተሳፈራችሁ፣ እናንተም ልጅ ካላችሁ ካርዱን ዛሬ ማታ አውጥታችሁ እዩት።

ነገ ስትሄጂ ከዚህ ሁሉ አንዱንም ባታስታውሺ ሰዓቱን ብቻ ንገሪያቸው፦ ቅዳሜ፣ አራት ሰዓት። የሁለቱንም ልጆች ካርድ ያዢ። ሕፃኑ የተሰጠው ክትባት ከነቀኑ ካርዱ ላይ ይጻፍ፤ ተጨማሪ መጠን መሆኑም ይጠቀስ፤ አለዚያ 9 ወር ሲሞላው «ይህ ልጅ ወስዷል» ተብሎ ይመለሳል። የ9 ወሩንና የ15 ወሩን ቀጠሮ በእርሳስ ሳይሆን በእስክሪብቶ አጽፊ፤ የትልቁም ሁለተኛ ክትባት በራሱ ካርድ ላይ ይስፈር፣ ካርዱ ከጠፋም አዲስ ያውጡለት።